ሪያድ ላይ ቀድሞ ይመሻል

ሙሀባው ሚስቱ "ሌላ አግብተህ አዲስ አበባ ተደብቀሃል" ብላ እንደከሰሰችው ሲነግረኝ ሳቅሁበት። ሰውየው ሻይ ሲያፈላ እንኳ "ኸዲጃ ስኳሩን የምትጨምረው እንዲህ ነው" እያለ ነው የሚያፈላው። ሁለተኛ ሚስት ቀርቶ ሁለተኛ ወሬ የለውም። ሳቄን ያቆምኩት ፊቱን ሳየው ነው።

ጊዜው ኅዳር 2006 ነበር። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ ከየመንገዱ እየተለቀመ ወደ አገሩ የሚጫንበት ወር ነው። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለኝ። ዓለምነው እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ኔትወርኪንግ ተምሬ፣ ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ የገመድ ሥራ ድርጅት ስላለው ቀን ቀን እዚህ ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ውስጥ በየቪላው ጣሪያ ሥር እየተሳብኩ የኢንተርኔት ገመድ ስዘረጋ እውላለሁ። ስለ ሥራዬ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሌላ ሰው ሲያስረዳኝ ግን እንቅልፌ ይመጣል። ይህ ጠባዬ ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም።

ሙሀባው ግንበኛ ነው። በባሕር አቋርጦ በየመን በኩል የገባ ስለሆነ ኢቃማ የለውም። አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ መንሱራ ሰፈር ካለችው ክፍላችን መውጣት ትቶ መስኮት ሥር ተቀምጦ የመኪና ድምፅ ሲያዳምጥ ይውላል። ሚስቱ ኸዲጃ ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከአባቷ ከሼህ አብዱልወሀብ ግቢ ነው ያለችው። ልጃቸው ጀሚላ አባቷ ሲሄድ ጡት አልጣለችም ነበር፤ የምታውቀው በድምፁ ብቻ ነው።

"የት ነህ አለችኝ" አለ ሙሀባው። "ሪያድ ነኛ አልኳት። ሪያድ ከመቼ ወዲህ ነው በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምረው አለችኝና ዘጋችው። ወላሂ ዓለምነው ወንድሜ፣ ዘጋችው።"

"በምንድን ነው የደወልከው?"

"በካርዷ ነዋ።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሙሀባው ሥራ እስኪፈታ ድረስ የሚደውለው በሳዑዲ ሲሙ ነበር። ሥራ ሲፈታ ወደ ርካሹ ዞረ። ከቤታችን ሥር ያለው የባቃላው፣ የሸቀጥ ሱቁ፣ ባለቤት ቤንጋሊ ስልኩ ላይ ዳይለር የሚሉትን ፕሮግራም ጭኖ፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ያለባትን ካርድ ሸጠለት። ዳይለር በኢንተርኔት ነው የሚደውለው። ድምፁ ይደርሳል፤ ሐይቅ ባለው ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን የአገር ቤት ቁጥር ነው። ያውም በደወለ ቁጥር የተለየ።

ሐይቅ ላይ የተሠራው ሒሳብ ይኼው ነው። የጎረቤት ልጅ ከሪያድ ተጭኖ ተመልሶ "እዚያ የቀረ ሐበሻ የለም" ብሏል። ሙሀባው በዜሮ ዘጠኝ ይደውላል። መልሰው ሲደውሉለት ቁጥሩ አይሠራም። ስለዚህ ሙሀባው ተመልሷል፤ ተመልሶ ቤቱ ካልገባ ሌላ ቤት አለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ሒሳቡ ላይ ስህተት አላገኘሁበትም። ወሬው መንደሩን አዳርሶ ሲያበቃ ነው ለእሱ የደረሰው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

"አማቴ ሽማግሌ ሰብስበዋል" አለ ሙሀባው። "እስከ ጁምዓ የት እንዳለ ያስረዳ፣ አለዚያ ልጄን ይፍታልኝ ብለዋል። እኔ እሷን ከፈታሁ በኋላ ሪያድ ኖርኩ ሐይቅ ኖርኩ ምን ዋጋ አለው?"

እንባው መጣ። ሰው ፊቴ ሲያለቅስ መግቢያ ስለሚጠፋኝ ወደማውቀው ነገር ሄድኩ፤ ማስረዳት ጀመርኩ።

"ድምፅህ ሙሉውን አይሄድም" አልኩት። "ተቆራርጦ ነው የሚሄደው።"

"የኔ ድምፅ?"

"የማንም ድምፅ። ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሠርገኛ አለ እንበል፤ ሐይቅ ሙሽሪት ቤት መድረስ አለበት። አንድ አውቶቡስ አይችለውም፤ በብዙ ሚኒባስ ይጫናል። እያንዳንዱ ሚኒባስ ፓኬት ይባላል። ሁሉም የሚሄድበት ቤት ቁጥር ተጽፎለታል፤ ያ ቁጥር አይፒ አድራሻ ነው። በየመስቀለኛው መንገድ ትራፊክ ቆሞ አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ ይላል። ያ ትራፊክ ራውተር ነው። ያቺ ግድግዳው ላይ መብራት የምታብለጨልጨው የመጀመሪያዋ ትራፊክ ናት። ሙሽሪት ደጅ ሲደርሱ በተራቸው ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሚኒባስ መንገድ ላይ ከቀረ ከንግግርህ አንድ ቃል ይበላል።"

"ዜሮ ዘጠኙስ?"

"እሱ ጌትዌይ ነው። ሚኒባሱ አገር ቤት በር ላይ ይቆማል፤ ሠርገኛው ወርዶ ባጃጅ ይሳፈራል። ጌትዌይ ማለት ያ መሸጋገሪያ ነው፤ የአገር ቤት ሲም የተሰካበት ሳጥን። ኸዲጃ የምታየው የባጃጁን ታርጋ ብቻ ነው። ታርጋው የሰፈር ስለሆነ ተሳፋሪውም ከሰፈር የመጣ ይመስላታል።"

ሙሀባው ፊቱ በራ። "እንግዲያ ይህንኑ ለአማቴ ንገርልኝ!"

በማግስቱ ከሥራ እንደገባሁ ድምፁን ለሁለታችንም ከፍቼ በራሴ የሳዑዲ ሲም ደወልኩ። የነሱ ስልክ ባለ ቁልፉ ነው፤ ምስል አያሳይም፤ ግን የሳዑዲን ቁጥር እንደ ሳዑዲ ቁጥር ያሳያል። በዚህ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር። ሼህ አብዱልወሀብ አነሱ። ሰላምታው ብቻ አድካሚ ነው፤ ስለ ወላጆቼ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ አገሬ ዝናብ፣ ተመልሰው ስለ ወላጆቼ ጠየቁኝ። ከዚያ የሚኒባሱን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝቼ አላውቅም።

ስጨርስ "ልጄ፣ ደህና አርገህ ተምረሃል" አሉ። "እንዳልከው ከሆነ በአንድ ስልክ የገባ ድምፅ በሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል?"

"ይችላል አባቴ። ነገሩ እሱ ነው።"

"እንግዲያ ያንተም ቁጥር ምስክር አይሆንም። አንተ ሪያድ ነህ እንበል። እሱ አዲስ አበባ ሆኖ በአንተ ስልክ ውስጥ አልፎ ሊያናግረኝ ይችላል ማለት ነው።"

በገዛ ትምህርቴ አሰሩኝ። ሙሀባው ስልኩን ከእጄ ነጥቆ "አባባ፣ ወላሂ መንሱራ ነኝ፣ በአላህ ይመኑኝ" ይል ጀመር። እሳቸው ደግሞ "መሐላህን ለሽማግሌዎቹ አቆየው" ይላሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ልቡን የዘጋ ሰው ድምፅ ነው፤ ይኸ ይብሳል።

በዚህ መሀል ከመንገዱ ማዶ ካለው መስጊድ አዛን ተሰማ። መስኮታችን መስተዋቱ የተሰበረ ስለሆነ አዛኑ በቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚገባው። ሙሀባው ንግግሩን አቆመ። ሼህ አብዱልወሀብም አቆሙ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፤ ኸዲጃ ስልኩን ከአባቷ ተቀብላ ነበር።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለች።

"አዛን ነው።"

"የምን አዛን?"

"የመግሪብ ነዋ ኸዲጃ። መሸ እኮ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ አልተቋረጠም። ከሩቅ "አባባ፣ ፀሐይ የት ናት?" ስትል ሰማናት። የበር ድምፅ፣ የእግር ድምፅ፣ የፍየል ድምፅ ሰማን። ሼህ አብዱልወሀብ ደጅ ወጥተው ነበር።

ሪያድና ሐይቅ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የእጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም። ፀሐይዋ ግን ምሥራቅ ያለችውን ሪያድን ቀድማ ትሰናበታለች፤ በክረምቱ፣ አገር ቤት በጋ በሚባለው ወቅት፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ትቀድማለች። እኛ ጋ መብራት በርቶ ሳለ ሐይቅ ላይ ከብት ገና ከመስክ አልተመለሰም። ይህን እንደ ማንኛውም ሰው አውቀው ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን አስቤው አላውቅም።

ሼህ አብዱልወሀብ ተመልሰው ስልኩን ያዙ። "ፀሐይ ከተራራው በላይ ናት" አሉ። "አዲስ አበባም ብትሆን ይኸን ጊዜ መግሪብ የሚል ሙአዚን የለም።" ቀጥለውም "ሙሀባው ልጄ፣ አውፍ በለኝ። ስልክ ታርጋውን ይቀይር ይሆናል፤ ፀሐይ አትቀይርም" አሉ።

ሙሀባው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቅር አለኝ፤ ያን ሁሉ ሚኒባስ ያሰለፍኩት እኔ ነበርኩ። የድምፁ መንገድ ክፍት ከሆነ አዛኑም በዚያው መንገድ ከሌላ ቦታ ሊገባ እንደሚችል ግን አልነገርኳቸውም። የዳነን በሽተኛ እንደገና የሚመረምር ሐኪም ሞኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙሀባው በዳይለሩ የሚደውለው ሁልጊዜ መግሪብ አካባቢ ሆነ። ኸዲጃ አምናዋለች፤ ግን "ቆይ፣ አዛኑን ላድምጥ" ትላለች። እስከ መጨረሻው አድምጣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሪያድ መሸ" ትልና ወሬው ይጀመራል። የነሱ ወሬ ሲጀመር ደግሞ መጨረሻ የለውም። የወሎ ሰው ስልክ የአንድ ሰው አይደለም፤ ስልክ ጮኸ ከተባለ ግቢው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዱም ሰላምታውን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። "እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ? ሰዉ ሁሉ ደህና ነው?" የቀደመው ሰው የጠየቀውን የኋለኛው አይተውም። ኢንተርኔታችን የሕንፃው ዘበኛ የሆነው የመናዊ የሚያካፍለን ነው፤ ባንድዊድዙ፣ ማለትም የመንገዱ ስፋት፣ ለአንድ ሚኒባስ እንኳ ይጠባል። እኔ ፊልም ልይ ስል የሐይቅ ሰላምታ መንገዱን ሞልቶታል። ተናድጄ አውቃለሁ። ግን ጀሚላ በመጨረሻ ስልኩን ይዛ "አባዬ" ስትል ንዴቴን እተወዋለሁ።

ጥር ላይ ጀሚላ የአባቷን ፎቶ ፈለገች። ወደ ሐይቅ የሚመለስ ሰው ተገኝቶ ነበርና በሱ እጅ ለመላክ ሙሀባው ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ለዳቦ እንኳ ያልወጣ ሰው ለፀጉር ወጣ። ጀዋዛቶች፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገቡ። ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተርሒል፣ ተባራሪው የሚታጎርበት እስር ቤት፣ ገባ። ይህን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ፓኪስታናዊ ነው፤ እያዘነ ነገረኝ፤ አዝኖም የሂሳቡን ግማሽ መለሰልኝ። ልብሱን ልወስድለት ተርሒል ስሄድ "ሙሳፈር" አሉኝ፤ ሄዷል።

ሐይቅ ገብቶ ጀሚላን ታቅፎ ይሆናል ብዬ ነበር። ለካ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አብሮት የተጫነ ልጅ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ኖሯል። ሚስድ ኮል አደረገልኝና መልሼ ደወልኩ።

"ለምን አልገባህም?" አልኩት።

"በምን ፊቴ?" አለ። "ሻንጣዬ እንኳ አንተ ጋ ነው። በፌስታል ነው የወረድኩ። ጀሚላ ምን አመጣህልኝ ስትለኝ ምን ልበላት? ትንሽ ሥራ አግኝቼ፣ ሰው መስዬ ልግባ።"

"ለኸዲጃ ንገራት።"

"ነገሩ እሱ ነው። ትላንት ደወልኩላት፤ ሪያድ ነኝ ብዬ። ቁጥሩ ዜሮ ዘጠኝ ነው፤ ለምዳዋለች፤ ምንም አላለችም። ግን ዛሬ ድምፅህ ጠራ አለችኝ። ቶሎ ቶሎ መለስክልኝ፣ ጎረቤት ያለህ ትመስላለህ አለች። ደንግጬ ዘጋሁት።"

ሳልወድ በግዴ አደነቅኋት። በኢንተርኔት የሚሄድ ድምፅ ይዘገያል፤ በሙያው ሌተንሲ ይባላል። ጥያቄው ከሄደ በኋላ መልሱ እስኪመጣ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። ኸዲጃ ስሙን አታውቀውም እንጂ ያንን ባዶ ቦታ ለምዳዋለች። የአገር ውስጥ ጥሪ ደግሞ የለውም። ባሏ ተጠግቶ ሳለ ቅርበቱ አሳበቀበት።

"አንድ ነገር አድርግልኝ" አለ ሙሀባው። "አማቴ ያኔ ያሉት ነገር ይሠራል? ድምፄ በአንተ ስልክ ውስጥ አልፎ መሄድ ይችላል?"

"ይችላል። ብሪጅ ይባላል፤ ድልድይ።"

"አዛኑም አብሮ ይገባል?"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አልኩት። "አውቃለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ነው" አለ። እኔም ደግሞ እምቢ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ሥራው ማረከኝ፤ የሱን ነገር ትቼ ስለ ሽቦው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

የተሠራውም እንዲህ ነው። ሁለት ስልክ አለኝ፤ በሁለቱም ዳይለር አለ። በአንዱ ሙሀባውን፣ በሌላው ኸዲጃን እደውላለሁ። ሁለቱን ስልኮች ድምፃቸውን ከፍቼ፣ የአንዱን ጆሮ ከሌላው አፍ ጋር ገልብጬ በላስቲክ አስራቸዋለሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። መጀመሪያ ስሞክረው ድምፁ እየተመለሰ ይጮህ ነበር፤ ኤኮ ይባላል፤ የራስህ ቃል ዞሮ ሲመጣብህ ማለት ነው። በመሀላቸው ካልሲ ሳደርግ ጸጥ አለ። መዘግየቱ ከድሮው እጥፍ ሆነ፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ መንገድ ይሄዳላ። ኸዲጃ ብትጠረጥር በመራቁ እንጂ በመቅረቡ አይሆንም።

ሊመሽ ሲል ስልኮቹን አስሬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሙሀባው "እንዴት ነሽ ኸዲጃ" አለ። ቃሉ ከአዲስ አበባ መንሱራ መጥቶ ካልሲውን አልፎ ወደ ሐይቅ ሄደ። "ዛሬ ደግሞ ራቅህሳ" አለች። "ኔትወርኩ ነው" አለ። ወዲያው አዛኑ ገባ። ልክ እንደታሰበው፣ ጥርት ብሎ፣ በተሰበረው መስኮት በኩል ገባ። ኸዲጃ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሪያድ መሸ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ዕረፍት ነበረ። "ሂድ ስገድ። እንዳትዘጋው፤ ሰው እየመጣ ነው፤ ሰግደህ ና።"

ይኼ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። አዛኑን አሰምተን "ኔትወርክ ተቆረጠ" ልንል ነበር ሐሳባችን። ሙሀባው አዲስ አበባ ላይ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ የሚሰግድ ሰው መስሎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኋላ እንደነገረኝ ከሁሉም ያቃጠለው ያ ዝምታ ነው። ሙሀባው ብዙ ነገር ይዋሽ ይሆናል፤ በሶላት ዋሽቶ ግን አያውቅም ነበር።

"ተመለስኩ" ሲል ግቢው ሞልቶ ጠበቀው። ሰላምታው ተጀመረ። አክስት መጣች፣ የአክስት ልጅ መጣ፣ ጎረቤቶቹ መጡ። ሼህ አብዱልወሀብ መጡና "የገመድ ሠራተኛው ልጅ እንዴት ነው? ሰላም በለው" አሉ። እኔ ስልኮቹ አጠገብ ተቀምጬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ እጅ ነሳሁ። ከዚያ ጀሚላ መጣች። ቁርአን ቤት ገብታ አሊፍ ባ ታ ጀምራ ኖሯል። እስከ መጨረሻው ወረደችው። አባቷ "ማሻአላህ፣ ድገሚልኝ" አለ። ደገመች። ልትሠልስ ስትጀምር እኔ ዳቦና ፉል ፍለጋ ወደ ማዕዘኑ ሄድኩ።

ፉሉ ውስጥ ዳቦውን እንደነከርኩ አዛን ሰማሁ። ከመስኮት አልነበረም፤ ከስልኩ ነው። ሐይቅ መሽቷል። እኛ የሪያድን መግሪብ ስናስብ ኸዲጃም የራሷ መግሪብ እንዳላት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከሐይቅ ወደ ምዕራብ ጠጋ ያለችው አዲስ አበባ የራሷ እንዳላት ረስተነዋል። ሙሀባው አውቶቡስ ተራ፣ መስጊድ አጠገብ ነው ያለው። የሐይቁ ሙአዚን ሲጨርስ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ተነስቼ ስልኮቹን ያዝኩ። መላው ቀላል ነው። ላስቲኩን መሳብ ብቻ፤ ስልኮቹ ይለያያሉ፣ ድልድዩ ይፈርሳል፣ ጥፋተኛው ኔትወርኩ ይሆናል። ኔትወርክ በሰው ኃጢአት ሲወቀስ የመጀመሪያው አይደለም። ጣቴን ላስቲኩ ሥር አስገባሁ። ጀሚላ "ሳ፣ ጂም" ትላለች። ሙሀባው "በርቺ የኔ ዓለም" ይላል። እዚያ ቆሜ ሳለ የሁለቱ ነገር አናደደኝ። አንዱ አውቶቡስ ተራ፣ ሌላዋ ሐይቅ፤ በአንድ ቀን መንገድ የሚገናኙ ሰዎች ድምፃቸውን መንሱራ ድረስ ልከው የኔን ካልሲ ያሳልፋሉ። ጣቴን አወጣሁት።

የአውቶቡስ ተራው አዛን መጣ። ትልቅ መስጊድ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ብዙ ነው። በሙሀባው ስልክ ገብቶ፣ ክፍላችንን ሞልቶ ወደ ሐይቅ ሄደ። ጀሚላ ፊደሏን አቆመች። የመንሱራ መስጊድ ሰግዶ ከተበተነ ቆይቷል፤ ኢሻ፣ የማታውን ሶላት፣ ለማለት ደግሞ ገና ነው፤ ይህን ለነሱ መንገር አያስፈልግም።

"ሙሀባው" አለች ኸዲጃ።

"አቤት።"

"ሪያድ በቀን ስንቴ ነው የሚመሸው?"

መዘግየቱ እጥፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንደሚረዝምም አውቃለሁ። ይኼኛው ከዚያ አልፎ ሄደ። ከዚያ ሙሀባው "አውቶቡስ ተራ ነኝ" አለ።

"ሴት አለች?"

"ወላሂ የለችም። በጀሚላ ይሁንብኝ።"

"እንግዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ አንተን አፈሱህ፣ ገደሉህ እያልኩ በየማታው ያንን አዛን ስጠብቅ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ነው?"

"ባዶ እጄን ነኝ ኸዲጃ።"

"እጅህን ማን ጠየቀህ?"

እሱም አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። ሁለቱም ልቅሶ በየተራው በካልሲው አለፈ። ሼህ አብዱልወሀብ ከኋላ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልተሰማኝም። ከዚያ ስልኩን ማን እንደያዘው ሳይታወቅ የጀሚላ ድምፅ መጣ። ማታ ማታ እናቷ ደጅ ቆማ እሷን እንደምትጠራት አድርጋ ነው የጠራችው።

"አባዬ፣ መሽቷል እኮ" አለች። "አትገባም?"

ላስቲኩን ፈታሁት። ካሁን ወዲያ እኔ አላስፈልጋቸውም ነበር።